ሞዴል መኪና ለሚገጣጥም ሰው፦ ጅማ ላይ የቤት ወርክሾፕ እንዴት ይደራጃል?

ሞዴል መኪና ስል ልጆች መሬት ላይ የሚነዱትን አሻንጉሊት ማለቴ አይደለም። ሞተሩ፣ ማርሚታው፣ ክሩስኮቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ለየብቻ ተቀብቶ የሚገጠመውን የፕላስቲክ ኪት ነው። በጥንቃቄ ለሚሠራ ሰው አንዱ መኪና ወራት ሊወስድ ይችላል። የጃፓን ኪቶች ልኬት በብዛት 1/24 ነው፤ የአሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ 1/25። አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቮልስ በ1/24 ሲሠራ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

መኪናው 24 ጊዜ ሲያንስ አቧራው ግን አብሮ አያንስም። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች ብናኝ ኮፈኑ ላይ ብታርፍ፣ በትልቁ መኪና ሲታሰብ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ እብጠት ናት። እንዲህ ያለ ቀለም ይዞ የሚወጣ ጋራዥ ደንበኛ አያገኝም። ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እርጥበት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ወቅቱም ከሐምሌና ነሐሴ ብዙ ያለፈ ነው፣ በልግን ከክረምት ያገናኛል። ስለዚህ ወርክሾፕ ሲታሰብ ከመሣሪያ መስቀያ በፊት አቧራውና እርጥበቱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይታሰብ። ከታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ ሐሳብ የተዘጋጀ ነው።

1. ክፍሉን መምረጥ

ብዙ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል አለ። ሁለት በሦስት ሜትር ከሆነ ይበቃል። ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ቢያንስ አንድ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። ሁለተኛ፣ ኮርኒስ ይኑረው። ቆርቆሮው ሥር ሌሊት የሚጠራቀመው ጤዛ ጠረጴዛ ላይ ሲንጠባጠብ ማየት አትፈልጉም፤ ከጣሪያ የሚራገፍ አቧራም አለ። ሦስተኛ፣ ከማድ ቤት ይራቅ።

የመጨረሻውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ጅማ ነው፤ ቡና በቀን ስንቴ እንደሚቆላ ታውቃላችሁ። ከቡናውና ከዕጣኑ ጭስ የሚመጣው ቅባት ፕላስቲክ ላይ በዓይን ሳይታይ ይለጠፍና ቀለሙን አላስይዝ ይላል። ከዚያ የሚብሰው ፍሙ ነው። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ከሰል ምድጃ ያገኘ ዕለት ይቀጣጠላል። ቀለም በሚረጭበት ሰዓት በዚያ ክፍልም ሆነ በአጠገቡ ምድጃ አይኑር። ከቤተሰብ ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ቡና አፍሉ ተብሎ በር ሲንኳኳ «ቆይ፣ ቀለም ላይ ነኝ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አይሠራም።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አፈር ከሆነ አንድ ወጥ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉ። አበባና መስመር ያለበትን ተዉት። የወደቀች ስፖኪዮ አበባ ውስጥ ገብታ ትቀራለች።

2. ቆሻሻውን ከንጹሑ መለየት

ክፍሉን በሥራው ቅደም ተከተል ክፈሉት፦ መቁረጫና ማጣበቂያ፣ መሞረጃ፣ መቀቢያ፣ ማድረቂያ። ትልቁ ደንብ አንድ ነው። መሞረጃውና መቀቢያው ጎን ለጎን አይሁኑ። አንዱ በር አጠገብ ከሆነ ሌላው መስኮቱ ጋ ይሂድ።

ክፍሉ ከጠበበ ቦታውን በጊዜ ክፈሉት። ማታ ሞርዱ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፣ በማግስቱ ቀቡ። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንሥቶ አየር ላይ ከማዋል ሌላ ጥቅም የለውም።

መሞረድም ቢሆን በውሃ ይሻላል። ጋራዥ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የውሃ ብርጭቆ ወረቀት እዚህም ይሠራል፤ ከ400 ጀምሮ 600፣ 1000፣ ለመጨረሻ 2000። ትንሽ ሳፋ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከሥር ፎጣ። አቧራው ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባችሁም ያመሰግናል።

በረኪናም ቦታው ይኼው የውሃ ጥግ ነው። ከኪቱ ጋር የመጣው የፓራውልት ክሮም ካላማረ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ክሮሙ ይለቃል። መስኮቱ ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

3. ጠረጴዛና ወንበር

እዚህ ላይ ጅማ መኖር ያኮራል። ለእንጨት ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የተዘጋጀ የቢሮ ጠረጴዛ መግዛት ነውር ነው ባይ ነኝ። ልኩን ይዛችሁ አናጢ ጋ ሂዱ፦ ርዝመት 150፣ ጎን 60፣ ከፍታ ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር። ከምግብ ጠረጴዛ ትንሽ ከፍ ይላል። ምክንያቱም ሥራው ወደ ዓይን እንዲቀርብ እንጂ አንገት ወደ ሥራው እንዲሰበር አንፈልግም። እግሩና ፍሬሙ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይላል። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን እንዳትቀበሉ፤ ሲደርቅ ይጣመምና ይሰነጠቃል። ላዩ ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ ሁሉ ይሸፈን፤ እርጥበት ከገባበት ያብጣል።

ሁለት ነገር አስጨምሩ። በሦስት ጎን አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ፣ የሚንከባለል ነገር እንዲያቆም። ከፊት ለፊት ደግሞ ሥሩ ላይ ሦስት አራት ትንንሽ መንጠቆ። እዚያ ላይ ሽርጥ ይንጠለጠላል። የሽርጡ ላይኛ ጫፍ አንገታችሁ ላይ፣ ታችኛው ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል። ከእጅ ያመለጠ ሁሉ ወለል ሳይደርስ ጭናችሁ ላይ ያርፋል። አናጢው «ወንድሜ፣ ይኼ ሁሉ ለመጫወቻ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ታዋቂው የሞዴል ኪት አምራች ታሚያ ራሱ በ1946 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ሺዙኦካ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ እንደተጀመረና የመጀመሪያ ሞዴሎቹም የእንጨት እንደነበሩ ንገሩት። ምናልባት ዋጋ ይቀንስላችኋል።

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ለቡና ተወዳዳሪ የለውም። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሦስት ሰዓት ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው መደገፊያ ያለው፣ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ያስፈልጋል።

4. መብራት

ከላይ አንድ አምፖል ብቻ ከሆነ የራሳችሁ ጥላ ሥራው ላይ ይወድቃል። ሁለት የጠረጴዛ መብራት ከግራና ከቀኝ አድርጉ። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ቀለሙ 5000 ኬልቪን አካባቢ ይሁን፤ ሲአርአይ የሚለው ቁጥር (መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው) ከተጻፈ 90ና ከዚያ በላይ ምረጡ። ቢጫ አምፖል ሥር ነጭ የመሰለው ቀለም ጠዋት ፀሐይ ላይ ክሬም ሆኖ ይጠብቃችኋል።

5. መሣሪያና ቁርጥራጭ

መሣሪያ የሚደረደረው በዓይነት ሳይሆን በየስንት ጊዜው እንደሚነሣ ነው። መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጭ ቢላ፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ሞረድና ፈሳሽ ማጣበቂያ እጅ ሲዘረጋ ይገኙ። በእጅ የምትዞረው ትንሽ መሰርሰሪያና ሞርሳ መሳቢያ ውስጥ ቢሆኑ ምንም አይደለም። ግድግዳ ላይ ኮምፔንሳቶ መትታችሁ መሣሪያውን ብትሰቅሉ ያምራል። ግን በእያንዳንዱ መሣሪያ ዙሪያ በእርሳስ ቅርጹን ሣሉ። ባዶው ሥዕል የጠፋውን ይናገራል። ከመቀቢያው ፊት ለፊት ግን አትስቀሉ፤ የሚበነው ቀለም ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

የሚጠፋው መሣሪያው ሳይሆን ቁርጥራጩ ነው። ስፖኪዮ ከፍሬሙ (ቁርጥራጮቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማቀፊያ) ሲቆረጥ አያችሁ? ፒንሳው ነክሶ ሲጨርስ ጠቅ ይልና ቁራጯ ትፈናጠራለች፤ ወዴት እንደሄደች ጆሮ እንጂ ዓይን አያይም። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬሙንም ፒንሳውንም እጃችሁንም ሰፋ ያለ ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቁረጡ። ብትፈናጠር እዚያው ናት።

ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ትሪ መድቡ። ዝቅ ያለ ጠርዝ ያለው የማድ ቤት ትሪ ይሆናል። ውስጡ በትንንሽ ክዳናም ዕቃ ይከፋፈል፦ ሞተር፣ ሻንሲ፣ ውስጥ፣ ቦዲ፣ መስታወት። ክዳኑ ላይ የቁርጥራጩን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ጻፉ፤ ከፍሬሙ ከወጣ በኋላ ቁጥሩን የሚነግራችሁ የለም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ትሪ በላይ አትክፈቱ። የሁለት መኪና ቸርኬ ሲደባለቅ ምን እንደሚመስል ጠላቴም አይየው።

ጎማውን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኪቱ ጎማ ለስላሳ ቪኒል ከሆነ ከፕላስቲኩ ጋር ተነካክቶ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ውስጡ ያለው ማለስለሻ ወደ ፕላስቲኩ ይተላለፍና የቀለጠ ምልክት ይተዋል። ኪት እንደገዛችሁ ከፍታችሁ ጎማዎቹን በትንሽ ላስቲክ ለዩ። በተለይ ከፓራብሬዛው አርቁ።

6. የቀለም ጥግ

መስኮቱ ሥር ቀለም የሚረጭበት ሣጥን ይሠራ። ጎኑ 50፣ ከፍታውና ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ ክፍት። ከኋላው አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ይኑር፤ ከፋኑ ፊት ቀለሙን የሚይዝ ስፖንጅ ማጣሪያ። ከፋኑ የሚወጣው ቱቦ መስኮቱን አልፎ ሲወጣ አፉ ወደ መሬት ይታጠፍ። ወደ ጎን ከቀረ የመጀመሪያው የከሰዓት ዝናብ ሣጥናችሁ ውስጥ ይገባል። ርካሽ ፋን ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አየሩ መሐል ነው ያለው። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ለምትቀቡ ችግር የለውም። ቲነር ለምትረጩ ግን ብልጭታው ያሰጋል፤ ሞተሩ አየሩ ከሚያልፍበት ውጭ የሆነ ፋን ፈልጉ፤ ካጣችሁ ደጅ ቀቡ። ፋን አለ ብሎ ማስክ መተውም አይሆንም። የጨርቁ ማስክ ለቲነር አያገለግልም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው።

ለቦዲ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ኤርብረሽ (በኮምፕሬሰር አየር ቀለም የሚረጭ፣ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መሣሪያ) በቂ ነው። ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ። ኮምፕሬሰሩ ታንከር ያለው ቢሆን አየሩ ሳይንቀጠቀጥ ይወጣል። እዚህ ጋ ነው የጅማ አየር የሚገባው። እርጥብ አየር ሲጨመቅ ውሃውን ይተፋል። ያ ውሃ በቱቦው መጥቶ ከቀለሙ ጋር ጠብ ይላል፤ በጥሩ ሁኔታ የተቀባ በር ላይ የውሃ ነጥብ ታያላችሁ። ስለዚህ የውሃ መያዣውን ኮምፕሬሰሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ኤርብረሹ አጠገብም አድርጉ። አየሩ በቱቦው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ውሃውን የሚለቀው መንገድ ላይ ነውና። ሥራ ስትጨርሱ የታንከሩን የታች ቡሎን ከፍታችሁ አፍስሱ።

ሁለተኛው የእርጥበት በሽታ ነጭ ጉም ነው። ቲነር ቶሎ ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ ከአየሩ ውሃ ይስብና ጥቁሩ መኪና ወተት የተደፋበት ይመስላል። የቤት ዕቃ ላይ ቫርኒሽ የሚረጩ የጅማ አናጢዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። መከላከያው ጊዜ መምረጥ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙና ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ከ70 በመቶ በላይ ሲያሳይ ሌላ ሥራ ሥሩ። በክረምት ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ዝናቡ ሳይመጣ ያለችው ጊዜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ወርቅ ናት። ከፈጣኑ ቲነር ይልቅ በዝግታ የሚደርቀውን መጠቀምም ይረዳል።

የጋራዥ ቀለም መጠቀም ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ በጥንቃቄ። ቀለም ቀላቃዮች ጋ ሄዳችሁ የእውነተኛውን መኪና ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ማስቀላቀል ትልቅ ዕድል ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የመኪና ቲነር የኪቱን ፕላስቲክ ያቀልጣል። መጀመሪያ በተረፈው ፍሬም ላይ ሞክሩ፤ ከዚያ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) በስሱ፣ ደርቆ ደግሞ በስሱ፣ በመጨረሻ ቀለሙን እንደ ጉም እያረፈ እንዲሄድ ርጩ። አንዴ ካረጠባችሁት የበሩ መስመር ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው ሜታሊክ ነው። ብልጭልጩ ለትልቅ መኪና የተፈጨ ስለሆነ በ1/24 ጠጠር ይመስላል፤ ደፋኑን ቀለም ምረጡ። ሀርድነር (ማጠንከሪያ) የሚጨመርበትን ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን ግልጽ ሽፋን) ግን ቤት ውስጥ አትንኩት። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ይጎዳል፤ ለእርሱ ተራ ማስክ አይበቃም።

ከመቀባቱ በፊት ቦዲው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና ይታጠብ፣ በራሱ ይድረቅ፣ ከዚያ በጓንት ብቻ ይያዝ። የተቀባውን ደግሞ ንጹሕ ሳፋ ገልብጡበት። የሳፋው ጠርዝ በሁለት የእርሳስ ቁራጭ ላይ ይቀመጥ፤ ተኑ በሥር ይወጣል፣ አቧራው ከላይ ይቀራል። ይህን የሚያህል ርካሽ የማድረቂያ ሣጥን አላውቅም።

7. እርጥበት የሚፈራውን ማስቀመጥ

ዲካል (ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቦዲው ላይ የሚለጠፈው ምልክትና ጽሑፍ)፣ የመመሪያ ወረቀትና ሱፐር ግሉ እርጥበት አይወዱም። ዲካሉን ከካርቶን ጋር ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ዚፕ ባለው ላስቲክ አሽጉ፤ ከፀሐይም ይራቅ፣ ቢጫ ይሆናል። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በእርጥበት ነው፤ ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አኑሩት። ከጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን ከረጢቶች አትጣሉ። ቀለማቸው የሚቀየር ሲሊካ ካገኛችሁ፣ ሲጠግብ ኦቭን ውስጥ በ120 ዲግሪ አካባቢ አድርቃችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት።

መቼም ሱፐር ግሉ ከተነሣ፣ ፓራብሬዛ በእርሱ አታጣብቁ። ጭሱ መስታወቱን ነጭ አድርጎ ያደበዝዘዋል። ነጩ የእንጨት ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፤ ለመስታወት እርሱ ነው።

ኪቶቹን ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል አርቃችሁ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በተለይ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ የተጠጋ ካርቶን ይሻግታል።

8. መብራት ሲጠፋ

ኮምፕሬሰር የምትከፍቱት መብራት ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ነው። ቀለሙን ከመቅዳት በፊት ታንከሩ ይሙላ። ማጠቢያ ቲነሩም በአጠገብ ይሁን፤ መሐል ላይ ቢጠፋ ኤርብረሹ ሳይደርቅ በእጅ ይታጠባል።

አንድ የቆየ ብልሃትም አለ። ትርፍ ጎማ ጎሚስታ ጋ አስነፉና በግፊት መቆጣጠሪያ በኩል ከኤርብረሹ ጋር አገናኙት። በ35 ፒኤስአይ የተነፋ የአውቶሞቢል ጎማ የጥቂት ደቂቃ አየር ይሰጣል፤ አንድ ኮፈን ወይም የተጀመረ ጎን ለመጨረስ ይበቃል። ድምፅ የለውም፣ ሌሊትም ጎረቤት አያስነሣም። ጎማው ከተጻፈበት ግፊት በላይ ግን አይነፋ።

9. ምኑን ከውጭ፣ ምኑን ከዚህ

ኪቱ፣ ኤርብረሹ፣ ጥሩ መቁረጫ ፒንሳና ዲካል ማለስለሻ ከውጭ በሚመጣ ሰው ቢላኩ ነው የሚሻለው። ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ወረቀት ፕላስተር፣ ፕራይመር፣ ቲነርና ማስክ ግን የመኪና ቀለምና የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎች ጋ ፈልጉ። ስቱኮውንም እንደ ቀለሙ ቀድማችሁ በፍሬም ላይ ሞክሩት፤ አንዳንዱ ፕላስቲኩን ይነክሳል። ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል የስፕሬይ ጣሳ፣ ኢናሜልና ላከር የሚባሉትን ቀለሞች አትዘዙ። ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም፤ ሻንጣው ተፈትሾ ይወሰድባቸዋል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ግን ተቀጣጣይ አለመሆኑ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈ፣ አየር መንገዱን ጠይቀው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል።